የባሕር ዳርቻው ገደብ ለማን ተሠመረ?

የተፈጥሮ አደጋ ድሀና ሀብታም አይለይም ሲባል እንሰማለን። ማዕበሉ በእርግጥ አይለይም፤ ከማዕበሉ በኋላ የሚነደፈው ፕላን ግን ይለያል። ለዚህም ስሪላንካ ሕያው ምስክር ናት።

ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. በሱማትራ አጠገብ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሣው ሱናሚ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ የስሪላንካን ዳርቻ መታ። ማስጠንቀቂያ ያልደረሰው ሕዝብ ከ30,000 በላይ ወገኖቹን አጣ። ከዚያም የአገሪቱ መንግሥት በደቡብና በምዕራብ 100 ሜትር፣ በሰሜንና በምሥራቅ 200 ሜትር ስፋት ያለው ከግንባታ ነፃ የሆነ ክልል ደነገገ። ዓሣ አጥማጁ ቤቱን በነበረበት ቦታ እንዳይሠራ ሲከለከል፣ ነባር የቱሪስት ሆቴሎች ግን ከክልከላው ነፃ ተደረጉ።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ጥያቄ እናንሣ። ክልሉ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ እንግዳውና የሆቴሉ ሠራተኛ ለምን በዚያው ያድራሉ? የማያሰጋ ከሆነስ ዓሣ አጥማጁ ለምን ይነሣል? ይህን መመለስ የማይችል ፕላን የለካው አደጋውን ሳይሆን የመሬቱን ዋጋ ነው።

በምሥራቁ ዳርቻ የምትገኘው የአሩጋም ቤይ መንደር ሁኔታውን ይበልጥ ግልጽ ታደርገዋለች። ነዋሪዎቿ ከሱናሚው በፊትም ዓሣ በማጥመድና በሰሌዳ በሞገድ ላይ የሚንሸራተቱ የውጭ እንግዶችን በማስተናገድ ይተዳደሩ ነበር። መንደሯን ሰፊ የቱሪስት ከተማ ለማድረግ ፕላን ሲቀርብ ነዋሪዎቹ ተቃወሙ። ስጋታቸውም ከንቱ አልነበረም፤ ከጀልባውና ከመረቡ ርቆ እንዲሰፍር የተደረገ ዓሣ አጥማጅ ከማዕበል ቢድን ከረሀብ አይድንም። የአገሪቱ መንግሥትም በ1998 ዓ.ም. ገደቡን ለማላላት ተገደደ።

ይህን ስንል ሰው በማዕበል መንገድ ላይ ይስፈር ማለታችን አይደለም። ትክክለኛ ፕላን ግን የሜትር ርቀት በመቁጠር ብቻ አይወሰንም። የመሬቱን ከፍታ ይለካል፤ የማዕበሉን ኃይል የሚያበርዱ የአሸዋ ክምሮችና የማንግሮቭ ደኖች ለሆቴል እይታ ሲባል እንዳይጠረጉ ይጠብቃል፤ ወደ ከፍተኛ ቦታ የሚያወጣው መሸሻ መንገድ በግል አጥር እንዳይዘጋ ይከላከላል፤ መኖሪያው ወደ ከፍታ ሲወጣም ለጀልባ ማቆሚያና ለመረብ ማድረቂያ የሚሆን ዳርቻ ለአጥማጁ ያስቀራል። ከሁሉም በላይ ለጎጆውና ለሆቴሉ አንድ መለኪያ ይጠቀማል፤ ነዋሪውም ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት እንዲመክርበት ያደርጋል።

እንግዲህ በየአካባቢው ማኅበርና በየሥራ ቦታው ፕላን ለውይይት ሲዘረጋ፣ ገደቡ ስንት ሜትር እንደሆነ ጠይቀን ዝም አንበል። ከገደቡ ነፃ የተደረገው ማን እንደሆነም አጥብቀን እንጠይቅ።