«እዚህ ጋ ውሃ ታስገባለች»

ጀልባዋን ለማየት የሄድኩት ባለፈው ኅዳር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር፣ ደንገል ከበቀለበት ጥግ በሁለት ግንድ ላይ ተደፍታ ጠበቀችኝ። የላሜራ ጀልባ ናት፤ ሰማያዊ ቀለሟን ፀሐይ አንጥቶታል። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ ዓሣ አስጋሪ ናቸው። ሰላምታ ተለዋውጠን ገና ዋጋ ሳናነሣ መዶሻ አነሱና ሆዷን ከፊት ጀምረው ወደ ኋላ ያንኳኩ ጀመር። ደኅናው ላሜራ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ከኋላ፣ ሞተሩ ከሚታሰርበት አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ግን ድምፁ ታፈነ። መዶሻውን እዚያው ላይ አሳረፉና፣ «እዚህ ጋ ውሃ ታስገባለች። ሁለት ጊዜ አስበይጃታለሁ፤ ሦስተኛውን አንተ ታስበይዳለህ» አሉኝ።

እንባዬ መጣ። ሰውየው ያዘንኩት በጀልባዋ መስሏቸው፣ «ምነው ልጄ፣ በብየዳ የሚድን ነው እኮ» አሉ።

ያለቀስኩበትን ምክንያት ያን ዕለት አልነገርኳቸውም። እዚህ ልናገረው።

ከሁለት ዓመት በፊት አንገቴ ሥር ንፍፊት ወጣብኝ። አላመመኝም። ሌሊት ሌሊት ግን አንሶላው እስኪርስ ያልበኝ ነበር፤ ቀበቶዬም ሁለት ቀዳዳ ገባ። ከእብጠቱ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ የደረሰ ቀን ሐኪሙ እኔን ወንበር ላይ አስቀምጦ ታላቅ ወንድሜን ወደ ውጭ ጠራው። በሩ ተዘጋ። ወንድሜ ሲመለስ ፊቱን ታጥቧል። «የንፍፊት ቲቢ ነው፤ ይድናል» አለኝ። አመንኩት። በአገራችን የንፍፊት ቲቢ ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ ስለሆነ የምጠራጠርበት ምክንያት አልነበረኝም።

ከዚያ በየ15 ቀኑ አዲስ አበባ እየተመላለስኩ በክንዴ መድኃኒት ይንጠባጠብልኝ ጀመር። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ቀይ ነው፤ ሽንትን ሳይቀር ያቀላል። ፀጉሬ ረገፈ። ቡና ሲፈላ ጎረቤቶች ዓይኔን እያዩ ዝም ይላሉ። ባለቤቴ ታውቃለች፣ ወንድሜ ያውቃል፣ ትልቋ ልጄም ታውቃለች። በቤቱ ውስጥ የማያውቀው የታመመው ሰው ብቻ ነበር።

አራተኛው ዙር ላይ እምቢ አልኩ። የቲቢ መድኃኒቱን በየቀኑ እየዋጠ ሥራውን የሚሠራ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፤ እኔን የሚገድለኝ በሽታው ሳይሆን መድኃኒቱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ባለቤቴ እግሬ ላይ ወድቃ ለመነችኝ። ለምን እንደምትለምነኝ ግን አልተናገረችም። ሳምንት አሳለፍኩ። በመጨረሻ የሄድኩት ለእሷ እንባ ብዬ ነው። እዚያ፣ አጠገቤ መርፌ ክንዱ ላይ ተሰክቶ የተቀመጠ ወጣት፣ «ጋሼ፣ የእርስዎም ሆጅኪን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ቃሉን ሰምቼው አላውቅም ነበር። የበሽታዬን ስም፣ ካንሰር መሆኑንም ጭምር፣ የነገረኝ ያ ስሙን የማላውቀው ልጅ ነው።

ያን ዕለት የነበረችው ሐኪም፣ ስጠይቃት ወንበሯን አስጠግታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሆጅኪን ሊምፎማ እንደሚባል፣ መድኃኒቱ 12 ጊዜ እንደሚሰጠኝ፣ መሐል ላይ ማቋረጥ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ነገረችኝ። ከካንሰር ዓይነቶች ሁሉ በብዛት ከሚድኑት አንዱ መሆኑንም ነገረችኝ። ይህን የመጨረሻውን ስሰማ መናገር አቃተኝ። ቤተሰቦቼ ስሙን ሲደብቁኝ ተስፋውንም አብረው ደብቀውኝ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ እነሱ «ያ በሽታ» እያሉ በጓዳ ሲያለቅሱ፣ እኔም ልሞት ነው ብዬ ለብቻዬ ስገምት፣ ይድናል የሚለውን እውነት ከልቡ አምኖ የሚነግረኝ አንድ ሰው አልነበረም። ወንድሜ «ይድናል» ያለኝ ቀን እሱ ራሱ አላመነውም።

እወዳቸዋለሁ። በፍቅር እንዳደረጉት አውቃለሁ። ያደግንበት ልማድ ነው፤ ለታመመ ሰው ክፉ አይነገርም። ግን በመርዶ እንኳ እንዲህ አናደርግም። መርዶ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ በማለዳ በር ይንኳኳል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሰማ ሰው ከግራና ከቀኝ ይይዘዋል። ይህ ታላቅ ጥበብ ነው። ስለ ሞተ ሰው ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሕዝብ፣ በሕይወት ላለ ሰው ስለ ገዛ አካሉ ለመንገር ለምን ያንኑ አናደርግም? አጠገቡ ተቀምጠን፣ እጁን ይዘን፣ ብንነግረው? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ ተረቱን ግን ሁልጊዜ የምንናገረው ለበሽተኛው ነው። የሚደብቁት ብዙውን ጊዜ እኛ አስታማሚዎቹ ነን። ሐኪሞችም አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ያን በር አትዝጉት። ዘመዱን ከፈለጋችሁ አስገቡት፤ በሽተኛውን ግን ከነገሩ ውጭ አታስቀምጡት።

ከሕክምናው በኋላ ጀልባ ለምን? ይህን የማይጠይቀኝ የለም። ሱቅ ክፈት ያሉኝ አሉ፤ የሐይቁ ብርድ ይጎዳሃል ያሉም አሉ። ጣቶቼ ከመድኃኒቱ የተነሣ ጫፋቸው ላይ አሁንም ይደነዝዛሉ፤ መረብ ስስብ ገመዱን በዓይኔ እያየሁ ነው የምይዘው። ነገር ግን ከዓመት በላይ እንደ ብርጭቆ ዕቃ ተጠብቄ ኖሬአለሁ። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቼ ማታ የጣልኩትን መረብ ላነሣ መውጣት፣ የሚጠብቀኝ ሥራ መኖሩን ማወቅ፣ ለእኔ ከምግብ በላይ ነው።

ከዚህችኛዋ በፊት ሌላ ጀልባ አይቼ ነበር። አዲስ ቀለም ተቀብታ ታብረቀርቃለች። ጥፍሬን በጎኗ ሳስኬደው ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ተፈረፈረ፤ ከስቱኮው ሥር ዝገት። ሻጩ ምንም የለባትም እያለ ይምል ነበር። ትቼው ሄድኩ።

ሽማግሌው ግን ሞተሩን ራሳቸው አስነሱልኝ፤ ያማሃ፣ 15 የፈረስ ጉልበት። ከኋላው እንደ ክር የምትወጣውን ውሃ በጣታቸው አሳዩኝ። «ይህች ከቀጠነች ወይ ከቀረች ወዲያው አጥፋው፤ ሞተሩ እየተቃጠለ ነው» አሉ። ካንዴላው አሮጌ መሆኑንም ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ከዋጋው ላይ ለብየዳው የሚሆን ቀነሱልኝ። ስለ ሐይቁም አልደበቁኝም። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና የገቡት በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው፤ እሳቸው ያኔ ወጣት ነበሩ። ነጩ ዓሣ ምን ያህል እንደተመናመነ፣ እምቦጩ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ እንዴት እንደተስፋፋ ሲናገሩ እንደ ቤተሰባቸው ሕመም ነው። «በክረምት ከርብና ከጉማራ ወንዞች አፍ ላይ መረብ እንዳትጥል። ነጩ ዓሣ እንቁላሉን ይዞ ወደ ወንዝ የሚወጣው ያኔ ነው። እኛ ጥለናል፤ ያጠፋነውም እኛ ነን» አሉኝ። ከጣና በቀር በዓለም የትም የሌሉ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች እንዳሉ ከመጽሐፍ አንብቤ ነበር። ከእሳቸው አፍ ስሰማው ግን ኃላፊነቱ ከጀልባዋ ጋር ተላለፈልኝ።

ጀልባዋን አስበይጄ፣ ፀረ ዝገት ቀብቼ፣ ለዐቢይ ጾም አደረስኳት፤ የዓሣ ገበያ የሚሟሟቀው ያኔ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌው አብረውኝ ወጡ። ቆሮሶና ሁለት አምባዛ ይዘን ስንመለስ ነፋሱ ቀድሞ ተነሣ። ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ማዕበሉ አጭርና ፈጣን ነው፤ እየተከታተለ ይመታል። ወደ ኋላ ዘወር ብዬ አየሁ። አዲሱ ብየዳ ይዟል። ከእሱ ጎን፣ ስንጥር በምታህል ቦታ፣ ውሃ ጠብ ይላል።

«አዩት አባቴ?» አልኳቸው።

«እሱማ ይኖራል» አሉና ከመቀመጫው ሥር አፉ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን አውጥተው ሰጡኝ። የሽያጩ ውል ላይ አልተጻፈም። ከጀልባዋ ጋር ነው።

የሦስት ወር የሕክምና ክትትሌ በሚመጣው ሳምንት ነው። ባለቤቴ አብራኝ ትገባለች። ወንድሜም ይመጣል፤ ሦስት ወንበር እንጠይቃለን።