ትንሽነት የምስጢር ሰበብ አይሁን

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በአገራችን ላይ ያደረሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። መብላትን የሹመት መብት፣ አለመብላትን የሞኝ ጸጸት አድርጎ አስተምሯልና። ይህ ተረት የሚኖረው ሥልጣን ባለበት ብቻ ይመስለን ነበር። ነገር ግን ገና ወንበር ባላዩት፣ ቤት ተከራይተው ማኅተም ባስቀረጹት ትናንሽ የፖለቲካ ፓርቲዎች ዘንድም ጎጆ ሠርቶ እናየዋለን።

በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም የእድር ገንዘብ ያዥ መዝገቡን በአባላቱ ፊት ገልጦ ያነባል። ከማን ስንት እንደ ገባ፣ ለድንኳንና ለቀብር ስንት እንደ ወጣ ይጠየቃል። ጠያቂው ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ቢሆን እንኳ «ምን አገባህ» የሚለው የለም። እንግዲህ አገር አስተዳድራለሁ የሚል ፓርቲ ከእድር ያነሰ ሒሳብ ያቅርብ ዘንድ እንዴት ይገባዋል?

«እኛ ጥቂቶች ነን፤ ገመናችን ከታወቀ ባላጋራ ይጠቀምበታል» የሚል መልስ ይሰጡናል። እኛ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው እንላለን። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ በአዲስ አበባ 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ያሸነፈው ቅንጅት፣ መሪዎቹ ከእስር በወጡ በዓመቱ ውስጥ ተከፋፈለ። በ2000 ዓ.ም. ስሙ በምርጫ ቦርድ ውሳኔ ለአንደኛው ወገን ተሰጠ። በጥር 2007 ዓ.ም. ደግሞ የአንድነትና የመኢአድ መሪዎች በየቤታቸው ተለያይተው ሳሉ፣ ሕጋዊው ወገን የትኛው እንደ ሆነ የወሰነው ያው ቦርድ ነበር። ከውጭ የመጣ ጫና አልነበረም አንልም። ጫና ግን ቀድሞ የሚሰብረው የተሰነጠቀውን ነው። ማን በጉባኤ እንደ ተመረጠ፣ ቃለ ጉባኤውን እነማን እንደ ፈረሙ፣ ገንዘቡ በማን እጅ እንዳለ በየወረዳው ያለው አባል ጠንቅቆ ቢያውቅ ኖሮ፣ ዳኝነቱ ያን ያህል በቀላሉ ወደ ሌላ ደጅ ይሄድ ነበርን?

አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ፓርቲዎች ሒሳባቸውን እንዲያስመረምሩ ያዛል፤ ምንጩ ያልታወቀ ስጦታ እንዳይቀበሉም ይከለክላል። ለክልል ፓርቲ 4,000፣ ለአገር አቀፍ ፓርቲ 10,000 መሥራች አባላት ይጠይቃል። እነዚህ ሰዎች ለፊርማ ብቻ የተፈለጉ አይደሉም፤ የፓርቲው ባለቤቶች ናቸው። ስለሆነም ለቦርዱ የተላከ ሒሳብ ለእነርሱ ካልተነበበ ሕጉ ቢፈጸም እንኳ እውነቱ ተሸሽጓል።

የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ የተነሣው ርስቴ ይወሰድብኛል ብሎ ስለ ሠጋና በሹማምንቱ ምዝበራ ስለ ተማረረ ነበር። ንጉሠ ነገሥታዊውን መንግሥት ያላመነ ሕዝብ፣ መዝገቡን የሚደብቅ ትንሽ ፓርቲን ያምናል ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው። ጉዳቱም በፓርቲው አይቀርም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጠመንጃ በተናገረበት በዚህ አገር፣ በስብሰባና በድምፅ ተስፋ የቆረጠ ወጣት ወዴት እንደሚያይ ማንም አይስተውም።

ስለዚህ በትናንሽ ፓርቲዎች ውስጥ ያላችሁ ወገኖቻችን ሆይ፣ መዋጯችሁን ያለ ደረሰኝ አትክፈሉ። ስጦታው ከማን እንደ መጣ፣ የተባረረውም አባል ስለ ምን እንደ ተባረረ ጠይቁ። በሚመጣው ስብሰባ እጃችሁን አንሥታችሁ «መዝገቡ ይነበብልን» በሉ። መሪያችሁ መዝገቡን ከገለጠ ተከተሉት፤ ከተቆጣ ግን መልሱን አግኝታችኋል።