ለእረፍት የወጣች መኪና ዕቃ አትጫን

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የባለቤቴ ዝምታ ነው። ቢቆጣኝ ኖሮ እከራከረው ነበር፤ እኔ ክርክር አላጣም። ዝም ሲል ግን ሒሳቤን ቁጭ ብዬ መሥራት ግድ ሆነብኝ።

ካቻምና የአሥራ ሁለት ቀን የዓመት ፈቃዱን ወስዶ፣ በራሳችን መኪና ከአዲስ አበባ ሞምባሳ ደርሰን ልንመለስ ተነሣን። ሰውዬው ባሕር አይቶ አያውቅም። እኔ በንግድ ምክንያት ናይሮቢን እንደ መርካቶ ነው የማውቃት፤ እሱ ግን ከሞያሌ ወዲያ ረግጦ አያውቅም ነበር።

የመሄጃው መንገድ ጉድ አልጎደለበትም። ድንበሩን እንደተሻገራችሁ መንገዱ በግራ ይሆናል፤ የእኛ መኪና መሪ ደግሞ ያው በግራ ነው። ስለዚህ ከፊት ከባድ መኪና ሲኖር ሹፌሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የመኪናውን ቂጥ ብቻ ያያል። የሚመጣውን የምታየው በቀኝ የተቀመጠችው ሚስት ናት። «እለፍ!» «ቆይ!» «አሁን!» እያልኩ ናይሮቢ ስንደርስ ድምፄ ዘግቶ ነበር። አንድ አደባባይ ላይ በለመደው በቀኝ በኩል ገብቶ ማታቱዎቹ በጥሩምባ አንጫጩን። ከመነሣታችን በፊት የኮሜሳን ቢጫ ካርድ አውጥተን ነበር፤ ግን ካርዱ የሚከፍለው በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት ነው እንጂ ለራሳችሁ መኪና ጭረት አይደለም። ይህን ሳታውቁ አትሂዱ።

ኢሲዮሎ ላይ ቺንጋ ተበጠሰ። መካኒኩ «ሳ ምቢሊ ኑ» አለን። ምቢሊ ሁለት መሆኑን ከገበያ አውቃለሁ። የሰው አገር ሰዓት አቆጣጠር ከእኛ ይለያል ብለን ተራቀቅንና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሄድን። ለካ ስዋሂሊ ሰዓቱን እንደ እኛው ከንጋት ነው የሚቆጥረው! መኪናዋ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ተሠርታ ስትጠብቀን ነበር። ግማሽ ቀን ከሰርን፤ ግን እስኪያመን ሳቅን። እስከዚያ ድረስ ጉዞው ጉዞ ነበር።

ናይሮቢ ለአንድ ሌሊት ነበር ያሰብነው። «እስቲ ኢስሊ ብቅ ብዬ ዋጋ ብቻ ልጠይቅ» አልኩ። እናንተ ይህችን ቃል ታውቋታላችሁ። ዋጋው ጥሩ ነበር፤ መጋረጃና አንሶላ ማየት ጀመርኩ። አንዱ ሱቅ ያጣሁትን ቀለም ሌላው ነገ አመጣለሁ ይላል፤ ነገ ሲደርስ ደግሞ ነገ። በአራተኛው ቀን ማታ ቀሪ ፈቃዱን ስንቆጥር ለመመለሻ ብቻ የሚበቃ ሆነ። ባለቤቴ ካርታውን አጠፈና «ባሕሩ የትም አይሄድም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረም።

ስንመለስ ላይሳሚስን አልፈን ማርሳቢት ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው የት ነው? ከሥር፤ ከመጋረጃው ሁሉ ሥር። በዚያ ፀሐይ እያንዳንዱን እስር አውርደን አቧራ ላይ ደረደርን። ፍየል የሚጠብቁ ልጆች መጥተው ክሪኩን ያዙልን፤ ውኃችንን ተካፍለን ጠጣን። ነጭ መጋረጃዎቹ ነጭነታቸውን እዚያው ተዉ። ድንበር ላይ ደግሞ ዕቃው ለግል መገልገያ ከሚባለው አልፏል፣ ንግድ ነው ተባልን። ልክ ናቸው፤ ንግድ ነበር። ቀረጡን ከፈልን። የቆሸሸውን በቅናሽ ሸጬ፣ ቀረጡንና የአራት ቀን አልጋና ምግብ ስቀንስ የተረፈኝ አንድ የመኪና ጎማ አይገዛም።

ብዙዎቻችሁ «ነዳጁ እንደሆነ ተቃጥሏል፣ ባዶ መኪና መመለስ ነውር ነው» ትሉኛላችሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። ግን ኮሜርስ ስንማር ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ የንግዱና የቤቱ ሒሳብ አይቀላቀልም የሚለው ነበር። በብር በኩል ሃያ ዓመት አክብሬዋለሁ፤ ከሱቁ ሣጥን ለቤት አሥር ብር ሳልመዘግብ አንሥቼ አላውቅም። በቀን በኩል ግን ሣጥኑን ሰብሬ ወሰድኩ፤ ያውም የእኔን ሳይሆን የሰው ሣጥን። እነዚያ አራት ቀናት የእሱ ፈቃድ ነበሩ። እኔ በዓመት ስንት ጊዜ እመላለሳለሁ፤ እሱ ያቺን ፈቃድ ለማግኘት አለቃውን ስንት ወር ለምኗል። መኪናዋ ባዶ አልነበረችም፤ እሱ ነበረባት።

አትነግዱ አላልኩም። ለንግድ ስትሄዱ ለንግድ ሂዱ፣ ዕቃውን በወጉ አሳውቃችሁ አስገቡ። የዕረፍቱን ቀን ግን የሰጣችሁት ሰው እንዳለ ቁጠሩ፤ «ዋጋ ብቻ ልጠይቅ» የምትለዋን ቃል ከምላሳችሁ አውጧት። በተለይ ሴቶች ነጋዴዎች፣ ቤተሰቡን የምንመግበው እኛ ስለሆንን የሁሉም ጊዜ የእኛ ይመስለናል።

ዘንድሮ ሞምባሳ እንሂድ ብዬ ራሴ አነሣሁ። እሺ አለ፤ ግን በአውሮፕላን። ሻንጣ በኪሎ ይመዘናል አለኝ፣ ሳይስቅ።