የጭነት መኪና የሚያደርሰው ጉዳትና የባለንብረቱ ኃላፊነት

ከጂቡቲ ወደብ የሚነሣው የንግድ ዕቃ በጋላፊ ገብቶ፣ ሚሌንና አዋሽን አልፎ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብና አዲስ አበባ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በጭነት መኪና ነው። ወደ ውጭ አገር የምንልከው ቡናና ሰሊጥም በዚሁ መንገድ ይወርዳል። ስለዚህ የጭነት መኪና ለነጋዴው እንደ እግሩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ይኸው እግር በመንገዱ ላይ ሰው የረገጠ እንደ ሆነ ተጠያቂው ማን ነው? ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ የምናነሣው አደጋው ከደረሰ በኋላ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ማሰቡ ይጠቅማል ብለን ይህን ጽሑፍ አቅርበናል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የመርካቶ ነጋዴ ወዳጃችን እጅግ ተክዞ አገኘነው። የጭነት መኪናው በሌሊት ሲጓዝ የአራት ልጆች አባት የሆነ ሰው ገጭቶ ገድሎ ኖሯል። የሟቹ ባለቤት ካሣ በጠየቀችው ጊዜ ወዳጃችን የሰጠው መልስ፣ «እኔ በዚያ ሰዓት በቤቴ ተኝቼ ነበር፤ የነዳው ሾፌሩ ነው፤ የታሰረውም እርሱ ነው፤ ታዲያ እኔን ምን ያገባኛል?» የሚል ነበር። ይህ አነጋገር ከብዙ ባለንብረቶች አፍ የሚሰማ ነው። ይሁን እንጂ በሕግ ፊት የሚጸና አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 እንደሚደነግገው፣ የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። መኪናውን የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ከኃላፊነት አይድንም። የሚድነው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበር ያስረዳ እንደ ሆነ ነው። ከዚህም ሌላ በቁጥር 2086 እንደተመለከተው፣ የጉዳቱ ምክንያት አልታወቀም፣ ወይም ለመከልከል አልቻልሁም፣ ወይም ጥፋቱ የሌላ ሦስተኛ ሰው ነው ብሎ መከራከር አያዋጣም። ተጎጂው ራሱ ጥፋተኛ እንደ ነበር ከተረጋገጠ ግን ኃላፊነቱ በሙሉ ወይም በከፊል ሊቀር ይችላል። ሁለት መኪናዎች የተጋጩ እንደ ሆነም፣ ጥፋቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንደኛው ሾፌር መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ የጉዳቱን ካሣ ባለቤቶቹ እኩል ይካፈሉታል።

«ጥፋት የሌለበት ሰው እንዴት ይከፍላል? ይህ ፍርደ ገምድል አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ዳሩ ግን መኪናው ሲሠራ ትርፉን የሚቀበለው ማን እንደ ሆነ ልብ እንበል። ከጂቡቲ በሰላም የገባው ጭነት ገቢው የባለንብረቱ ሲሆን፣ በመንገድ ዳር በጎቹን ይነዳ የነበረ ሰው ከዚያ ትርፍ አንዲት ሳንቲም አላገኘም። እንግዲህ ከትርፉ ምንም ድርሻ የሌለው ሰው መከራውን ብቻውን ይሸከም ማለት ነው ፍርደ ገምድልነት። ሕግ አውጪው ትርፍ ወዳለበት ወገን ኃላፊነትን ማስጠጋቱ፣ በእኛ አስተያየት፣ ትክክል ነው።

የሾፌሩ መታሰርም የባለንብረቱን ዕዳ አይከፍልም። በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሾፌር በወንጀል ሕግ የሚቀጣው በራሱ ጥፋት ነው። ካሣ ግን ሌላ ክስ፣ ሌላ ዕዳ ነው። ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ የካሣ ክስ ማቅረብ ይችላሉ፤ ጉዳቱ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ከተወሰነለት ወንጀል የመነጨ ሲሆንም ጊዜው በዚያው ልክ ይረዝማል።

«መድን ገብቻለሁ» የሚለውም መልስ ሙሉ መጽናኛ አይሆንም። በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ተደንግጎ፣ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 የተተካው የሦስተኛ ወገን መድን፣ ለተጎጂዎች ፈጥኖ የሚደርስ መልካም ሥርዐት ነው። ሆኖም ክፍያው ወሰን አለው። የ2005ቱ አዋጅ በወጣ ጊዜ የተቀመጠው ልክ ለሞት ከ5,000 ብር የማያንስና ከ40,000 ብር የማይበልጥ፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር ነበር። ልኩ በየጊዜው ሊሻሻል የሚችል ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ባለንብረት የዛሬውን ከመድን ድርጅቱ ጠይቆ ይረዳ። ወሰን መኖሩ ግን አይቀርም።

ይህን በምሳሌ ብናየው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2095 መሠረት የሟች የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች ያጡትን መተዳደሪያ መጠየቅ ይችላሉ። ሟቹ በወር 6,000 ብር ያገኝ የነበረና ገና 15 ዓመት ሊሠራ የሚችል ሰው ቢሆን፣ ጠቅላላው ገቢ 1,080,000 ብር ይሆናል። አንድ ሦስተኛውን ለራሱ ያወጣው ነበር ብለን ብንቀንስ 720,000 ብር ይቀራል። ከዚህ ላይ መድኑ 40,000 ብር ቢከፍል፣ የቀረው 680,000 ብር የሚፈለገው ከባለንብረቱ ነው። ዳኛው የሚወስነው እንደየጉዳዩ ቢሆንም፣ በመድኑና በጉዳቱ መካከል ያለው ክፍተት ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ሌላው ብዙ ነጋዴ የሚወድቅበት ጉድጓድ የሊብሬ ጉዳይ ነው። መኪናውን በውክልና ሸጦ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ሊብሬውን ግን በስሙ ትቶ የሚሄድ ሰው ጥቂት አይደለም። የስም ማዛወሪያውን ወጪና እንግልት ለማዳን ሲል፣ ከዓመታት በኋላ ባላየው አገር፣ በማያውቀው ሾፌር ለደረሰ አደጋ ባለቤት ተብሎ ይከሰሳል። ሸጫለሁ ብሎ ለማስረዳት የሚያወጣው ገንዘብና የሚያጠፋው ጊዜም ያኔ ካዳነው ይበልጣል። መኪና የሸጠ ሰው ስሙን አብሮ ያዛውር።

የራሱ መኪና የሌለው፣ ነገር ግን መኪና ተከራይቶ የሚያስጭን ነጋዴም «ይህ እኔን አይመለከትም» አይበል። ሕጉ በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ እንዲክስ ያዛል። ከተፈቀደው ልክ በላይ እንዲጫን ያስገደደ፣ ወይም «ዛሬ ሌሊቱን ነድተህ ነገ ጧት ካልገባህ ሒሳብህን አልከፍልም» ብሎ ያስፈራራ አስጫኝ፣ ይህ ትእዛዙ ለአደጋው ምክንያት መሆኑ ከተረጋገጠበት ከተጠያቂነት የሚያመልጥበት መንገድ ጠባብ ነው። በሕግ ቢያመልጥ እንኳ ከኅሊናው አያመልጥም። እንቅልፍ ያሸነፈው ሾፌር ከባድ ተሳቢ እየጎተተ ቁልቁለት ሲወርድ፣ ከበስተኋላው የሚገፋው የእኛ ጥድፊያ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰ የሰው ደም ግን አይለቀምም።

ሾፌሩና ረዳቱም ሰዎች መሆናቸውን አንርሳ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ሠራተኛው በሥራው ላይ ሲጎዳም አሠሪው፣ ጥፋት ባይኖርበትም፣ ኃላፊ እንዲሆን ደንግጓል። ውል ሳይጻፍለት በመኪናው ላይ የሚያድር ረዳት እግሩ በተቆረጠ ጊዜ «አላውቀውም» ማለት ነውርም ነው፣ ጥፋትም ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ በሕግ የተገደድንበት መድን ዝቅተኛው መሆኑን አውቀን፣ ከፍ ያለ የኃላፊነት ሽፋን ለመግዛት ከመድን ድርጅቶች ጋር እንነጋገር። ሁለተኛ፣ ለሾፌሩ የሚያርፍበት ሰዓት በጉዞ ማዘዣው ላይ ይጻፍ፤ የፍሬንና የጎማ ምርመራም ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ይደረግ። ሦስተኛ፣ አደጋ የደረሰ እንደ ሆነ ባለንብረቱ አይሸሽ፤ ተጎጂውን ያሳክም፣ ለመድን ድርጅቱ ወዲያው ያስታውቅ፣ ለቤተሰቡም ሽማግሌ ይላክ። በጋላፊ መንገድ የተመላለሰ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በአፋር ምድር የጎሣ ሽማግሌዎች የሚያወርዱት እርቅ ብዙ ቂም አብርዷል። እርቁ የወንጀሉን ክስ የሚያስቀር ባይሆንም፣ በጽሑፍ ከሰፈረ ካሣውን በሰላም ይጨርሳል።

ወዳጃችን ይህን ሁሉ ያልነው ከዘገየ በኋላ ነበር። ሴትየዋ ከስሳ ተፈረደላት፤ እርሱም ለፍርዱ ማስፈጸሚያ መኪናው ተሸጠበት። ኋላ ባገኘነው ጊዜ ያሳዘነው የመኪናው መሸጥ አልነበረም። «ያን ዕለት ልጆቿን ይዛ ከሱቄ በር ስትቆም ወንበር እንኳ ሳልሰጣት መለስኋት» አለን።

ሕጉ የሚያስከፍለን ገንዘብ ነው። ገንዘብ ደግሞ አስቀድሞ ላሰበበት ነጋዴ የማይቻል ዕዳ አይደለም። ክቡራን ነጋዴዎች ሆይ፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የመኪናችሁን ሊብሬ፣ የመድን ውላችሁንና የሾፌራችሁን የጉዞ ሰዓት ዛሬውኑ አውጥታችሁ ተመልከቱ።