ጥርሳችሁን ከማስነቀላችሁ በፊት

እኩዮቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ስሙኝ።

በእንቅልፉ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ራሱን አይሰማም፤ የሚሰማው አጠገቡ የተኛው ነው። በእኛ ዕድሜ ደግሞ ብዙዎቻችን የትዳር ጓደኛ ቀብረን ብቻችንን የምናድር ሆነናል። የልጅ ልጅ ካላችሁ አንድ ሌሊት አብሯችሁ ይደርና የሰማውን ይንገራችሁ። ከሌለም ጠዋት ምልክቱን ራሳችሁ ፈልጉ። ስትነሡ መንጋጭላችሁ ከዛለ፣ ጆሮ ግንዳችሁን ከጠዘጠዛችሁ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጥርሳችሁን ከወጋችሁ፣ የፊት ጥርሳችሁ እያጠረ ከሄደ፣ ዝም አትበሉ።

ብዙ ሰው ይህን ሕመም የጆሮ ነው ወይም የሳይነስ ነው እያለ ይቆያል። በልጅነታችን ጥርሱን የሚያፋጭ ልጅ ወስፋት አለበት ይባል ነበር፤ ያ እምነት ዛሬም አልለቀቀንም። ሐኪሞች ግን ስለ ጭንቀት፣ ስለ ተረበሸ እንቅልፍ፣ ማታ ስለሚጠጣ ቡናና መጠጥ፣ ስለ ሲጋራ ይጠይቃሉ። እንደ ፍሉዎክሰቲን ያሉ የድብርት መድኃኒቶችም ሊያመጡት ይችላሉ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ ላዘዘላችሁ ሐኪም ንገሩ።

እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ ማስነቀሉ ነው። አንዱ መንጋጋ ጥርስ ያማል፤ ሰውየው «ንቀሉልኝና ልረፍ» ይላል፤ ይነቀላል። የሚያፋጨው ጉልበት ግን ያለው በመንጋጭላው ጡንቻ ውስጥ ነውና በዚያው ሌሊት በቀሩት ጥርሶች ላይ ይወርዳል። ቀጥሎ ያለው ይሰነጠቃል፤ እሱም ተራውን ይነቀላል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ቆሎ የተሰናበቱ፣ እንጀራ በወጥ አርሰው የሚውጡ ስንት ሰዎች አውቃለሁ! የበሰበሰና ሊድን የማይችል ጥርስ ይነቀል፤ እሱን አልከለክልም። ነገር ግን «ይህን ጥርስ የጎዳው ማፋጨት ይሆን ወይ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አፋችሁን አትክፈቱ። ኢናሜል የሚባለው ጠንካራው የጥርስ ሽፋን አንዴ ካለቀ መልሶ አይበቅልም። የተሰበረ አጥንት ይጠገናል፣ ቁስል ይሽራል፤ ይህ ግን አይመለስም።

ማፋጨት መሆኑ ከታወቀ ናይት ጋርድ አሠሩ። የአፋችሁ ልክ ተወስዶ ከጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ጥርስ ላይ ተደርጎ የሚታደርበት ነው። ማፋጨቱን ያስቆማል ብሎ ማንም አያታልላችሁ። ጥርስና ጥርስ መካከል ገብቶ በጥርሳችሁ ፈንታ እሱ ያልቃል፤ ሲያልቅ ሌላ ይሠራል።

ልጆቻችን ከአሜሪካ የሚልኩልንም አለ፤ በሙቅ ውሃ ለስልሶ፣ ተነክሶ ቅርጽ የሚይዝ። ልጆቹን መርቁ። ነገር ግን ጥርሱ የጎደለ፣ የሚነቃነቅበት ወይም ድዱ የታመመ ሰው ሐኪም ሳያማክር እንዳያደርገው። በልክ ያልተሠራ ነገር ሌሊት ሌሊት እየተጫነ ጥርስን ከቦታው ሊያንቀሳቅስ ይችላል። በልካችሁ የተሠራላችሁንም በፈላ ውሃ አትጠቡት፤ ይጣመማል። ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። የሚያንኮራፋ፣ ተኝቶ ትንፋሹ ቆም እያለ የሚመለስ፣ ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥለው ሰው የአፉ ልክ ከመወሰዱ በፊት ይህን ለሐኪሙ ይናገር። የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥና ጥርስ ማፋጨት አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ተራው ናይት ጋርድም የአንዳንዱን ሰው የትንፋሽ መቋረጥ ሊያባብስ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው የታችኛውን መንጋጭላ ወደ ፊት ስቦ የሚይዝ ሌላ ዓይነት መሣሪያ አለ፤ የትኛው እንደሚሻለው የሚታወቀው እንቅልፉ ከተመረመረ በኋላ ነው።