በጂላል ለሚታለቡ እንስሳት የሚሰጥ መኖ የሕፃናት ምግብ ነው

እንደሚታወቀው የኤክስቴንሽን ሥራችን በአብዛኛው የሚመዘነው በኩንታል ነው። በጅጅጋ ሜዳ የሚሠራ የልማት ሠራተኛ በዓመቱ መጨረሻ ሲጠየቅ ስንት ሄክታር ማሽላና በቆሎ እንደተዘራ፣ ስንት እንስሳ እንደተከተበ ሪፖርት ያደርጋል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከሪፖርቱ ውስጥ የጎደለ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በጂላል፣ ማለትም በረጅሙ የበጋ ወራት፣ የሁለት ዓመቱ ሕፃን ምን ይጠጣል የሚለው ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ጥያቄ ለጤና ሠራተኛው ብቻ የሚተው አይደለም።

ምክንያቱን ለመረዳት የሥነ ምግብ ሳይንስ የሄደበትን መንገድ መመልከት ይጠቅማል (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1960ዎቹ ሊቃውንቱ የሕፃናትን መጎሳቆል ከሁሉ በላይ የፕሮቲን ጉድለት አድርገው ያዩት ነበር። በስዊድን ርዳታ የተቋቋመውና በኋላ የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው ክፍል ፋፋን ያዘጋጀው በዚያ ዘመን ነው። በ1974 ዶናልድ ማክላረን የተባሉ ሐኪም ይህ አመለካከት እጅግ የተጋነነ መሆኑን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ትኩረቱ ወደ ጠቅላላው የምግብ መጠን፣ ቀጥሎም ወደ ቫይታሚን ኤ፣ ወደ ብረትና ወደ አዮዲን ዞረ። በ1986 ደግሞ ዴቪድ ባርከርና ባልደረባቸው በእንግሊዝና በዌልስ ቀድሞ ሕፃናት በብዛት ይሞቱባቸው በነበሩ አካባቢዎች፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ በልብ ሕመም የሚሞቱ ጎልማሶች እንደሚበዙ አሳዩ። በማሕፀንና በጨቅላነት የተጎዳ ሰውነት ጉዳቱን ይዞ ያድጋል የሚለው ሐሳብ እየተጠናከረ የመጣው ከዚህ ነው። ዛሬ ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ያሉት አንድ ሺህ ቀናት ትልቅ ክብደት ተሰጥቷቸዋል፤ በ2015 የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም የመቀንጨርን ችግር እስከ 2030 ለማስወገድ ሲነሣ በዚሁ ሐሳብ ላይ ቆሞ ነው።

አሁን አንድ ሺሁን ቀን በእኛ አካባቢ ወቅቶች እንቁጠረው። ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል ነው። በዚህ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጂላል ሙሉ በሙሉ፣ ብዙ ጊዜም ሦስተኛው በሙሉ ወይም በከፊል ይገባል። ግመሎቹ ከወጣቶቹ ጋር ውኃና ግጦሽ ፍለጋ ርቀው ይሄዳሉ፤ ቤት የቀሩት እናቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ወተቱን ያጣሉ። የኤልኒኞ ድርቅ በ2015 እና በ2016 ሲቲ ዞንን ክፉኛ ሲጎዳ በማሕፀን የነበሩ ልጆች ዛሬ ለትምህርት የደረሱ ናቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ጎልማሳ ሲሆኑ የሚኖሩት በከተማ ሊሆን ይችላል፤ የከተማው ማዕድ ደግሞ ሩዝ፣ ፓስታና ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። በልጅነቱ የተራበ ሰውነት በኋላ እንዲህ ያለ ማዕድ ሲያገኝ ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት ይበልጥ የተጋለጠ ይሆናል።

መፍትሔው ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ሴቭ ዘ ችልድረንና ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ በሺኒሌ (በዛሬው ሲቲ) እና በሊበን ዞኖች ያካሄዱት ጥናት በ2009 እና በ2012 ታትሟል። መጀመሪያ እናቶችን ጠየቁ፤ እናቶቹም ልጆቻቸው በበጋ የሚከሱት ወተት ስለሚጠፋ መሆኑን ተናገሩ። ከዚያም በቤት አጠገብ ለቀሩ ጥቂት የሚታለቡ እንስሳት በበጋ መኖና ሕክምና ተሰጠ። በእነዚህ ቦታዎች ወተቱ ለሕፃናቱ ደረሰ፤ ሰውነታቸውም እንደ ሌላው በጋ አልቀነሰም። ወጪው ልጁ ከተጎዳ በኋላ በሕክምና ምግብ ከማዳን ያንሳል። እናቶቹ ያሉትን ሳይንሱ ዘግይቶ ደረሰበት ብል ማጋነን አይሆንም።

«ወተቱ ቢሸጥ አይሻልም ወይ?» የሚል የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል አይጠፋም። ስሌቱ የቆየ ነው፤ ከወተት ሽያጭ በተገኘ ገንዘብ የሚገዛው እህል ከወተቱ ይልቅ ብዙ ሰው ያጠግባል። ለጎልማሳ ይህ እውነት ነው። ሕፃኑ ግን ሆዱ ትንሽ ነው፤ የማሽላ ፕሮቲንም ላይሲን የተባለው ክፍል ይጎድለዋል። ወተት ይህን ይሞላል፤ የግመል ወተት በተለይ ከላም ወተት የበለጠ ቫይታሚን ሲ ስላለው አትክልትና ፍራፍሬ በማይገኝበት ቆላ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ የወተት ንግዱ ይቁም አልልም፤ ለብዙ ሴቶች መተዳደሪያ ነው። ማኅበሩ የሚረከበውን ሲወስን ግን ከሁለት ዓመት በታች ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ያለበትን ቤት ለይቶ ይወቅ፤ የዚያ ቤት ድርሻ አስቀድሞ ይቀመጥ።

ለዚህም መኖው በጂላል ሳይሆን በካራን ዝናብ ወራት መታሰብ አለበት። ሣሩ ማበብ ሲጀምር ታጭዶ የደረቀ ድርቆሽ ዘር ካፈሰሰው እጅግ ይበልጣል። ሲታጨድ ግን ፓርቴኒየም የተባለው አረም እንዳይቀላቀል መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የወተቱን ጣዕም ያበላሻል። የማሽላው አገዳ በማሳ ላይ ቆሞ እንዲደርቅ ከመተው ከምርቱ ስብሰባ ወዲያው ቆርጦ ከዝናብና ከፀሐይ ማስጠለል ነው። በማሽላው መካከል ቦሎቄ የዘራ ገበሬ ፍሬውን ለድስት፣ ገለባውን ለፍየሏ ያገኛል። ፉሩሽካውን ማኅበሩ ዋጋው ሳይንር በጅምላ ገዝቶ፣ ሒሳቡን ከወተት ሽያጭ ቀስ በቀስ ሊቀንስ ይችላል። መኖው ለመንጋው ሁሉ አይበቃም፤ ለአንድ ቤት ሁለት ወይም ሦስት የሚታለቡ ፍየሎች ወይም አንዲት ላም ተመርጠው ቢቀሩ ይበቃል።

ሁለት ነገር ልጨምር። የሺኒሌና የጅጅጋ ሴቶች የወተት ዕቃ በጭስ ማጠናቸውና ወተቱን አርግተው ዳናን ማድረጋቸው ለማቆየት የሚረዳ ጥሩ ልማድ ነው፤ ይሁን እንጂ የውርጃ በሽታን የመሰለው ከእንስሳ ወደ ሰው ስለሚተላለፍ ለሕፃን የሚሰጠው ወተት ይፈላ። ሲፈላ ከቫይታሚን ሲው ጥቂት ይቀንሳል፤ ቢሆንም ከበሽታው ይሻላል። ሻዩም ከምግብ ጋር አብሮ ሲጠጣ ከእህሉ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳል። ለነፍሰ ጡሯ ሻዩን ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል አርቆ መጠጣት ምንም ወጪ የለውም።

የልማት ሠራተኛው በሚቀጥለው የመስክ ጉብኝት መዝገቡ ላይ ሁለት ዐምድ ይጨምር፤ አንደኛው በጂላል ቤት የሚቀሩ የሚታለቡ እንስሳት ብዛት፣ ሁለተኛው ለእነርሱ የተከማቸ መኖ ስንት ቀን እንደሚያደርስ።