የቩያኒ ቡንጉ ውርስ በአራት ዙር አይለካም

የደቡብ አፍሪካ ቡጢ በውጭው ዓለም ሲወሳ በቅድሚያ የሚነሣው የከባድ ሚዛን ታሪክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ጌሪ ኩትዚ ማይክል ዶክስን፣ በ2003 ደግሞ ኮሪ ሳንደርስ ቭላድሚር ክሊችኮን በዝረራ ያሸነፉባቸው ምሽቶች ዛሬም ይተረካሉ። በአንጻሩ በጁኒየር ፌዘር ሚዛን፣ ማለትም የተወዳዳሪው ክብደት ከ55.3 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ በሚጠየቅበት ምድብ፣ የዓለም አቀፉን የቦክስ ፌዴሬሽን (አይ.ቢ.ኤፍ.) ቀበቶ ከ1994 እስከ 1999 ታጥቆ 13 ጊዜ ያስጠበቀው ቩያኒ ቡንጉ ከአገሩ ውጭ የሚታወስ ከሆነ የሚታወሰው ለንደን ላይ በተሸነፈበት በአንድ ምሽት ነው። ለዚህ የተዛባ ሚዛን ተጠያቂው ሰውየው ሳይሆን ቡጢን በዝረራ ብቻ መመዘን የለመደው ተመልካች ነው።

ቡንጉ የምዳንጻኔ ልጅ ነው። ምዳንጻኔ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከኢስት ለንደን ከተማ በግዳጅ የተነሡ ጥቁር ቤተሰቦች እንዲሰፍሩባት የተቆረቆረች ስትሆን፣ ኋላም የአፓርታይድ መንግሥት ጥቁሮችን ከዜግነት ለማራቅ «ራስ ገዝ አገር» እያለ ከከለላቸው ግዛቶች አንዱ በነበረው በሲስካይ ሥር ገብታለች። ዌልካም ንሲታ በ1990 ቴል አቪቭ ላይ ይህንኑ የአይ.ቢ.ኤፍ. ቀበቶ ሲወስድ ያሠለጠነው ምዚ ምንጉኒ ነበር፤ ቡንጉም የተገራው በዚሁ አሠልጣኝ እጅ ነው። ንሲታ በ1992 ጣሊያን ውስጥ ቀበቶውን ለአሜሪካዊው ኬኔዲ ማኪኒ አስረከበ፣ በ1994 ለማስመለስ ሞክሮም በነጥብ ተረታ። ማኪኒ በ1988 የሴኡል ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ያጠለቀ ሰው ስለነበር፣ በ1994 ነሐሴ ላይ የንሲታን የጂም ባልደረባ ቡንጉን ሊገጥም ደቡብ አፍሪካ ሲገባ ብድሩ ይመለሳል ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነበር።

የፍልሚያው ቦታ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። ከፕሪቶሪያ በስተሰሜን ሃማንስክራል አጠገብ ይገኝ የነበረው ካሩሰል ካዚኖ የተሠራው በቦፑታትስዋና ግዛት ሲሆን፣ በነጮቹ ደቡብ አፍሪካ ቁማር በሕግ የተከለከለ በመሆኑ ካዚኖዎች በእነዚህ «ራስ ገዝ» ግዛቶች ይከፈቱ፣ ትልልቅ የቡጢ ግጥሚያዎችም የካዚኖ ገንዘብ ተከትለው ወደዚያው ይሄዱ ነበር። ቦፑታትስዋና በሚያዝያ 1994ቱ ምርጫ ዋዜማ ከካርታ ጠፋች፤ አዳራሹ ግን ቀረ፣ ቡንጉም ከአራት ወር በኋላ በዚያው አዳራሽ 12 ዙር ተፋልሞ በነጥብ አሸነፈ። ዘ ሪንግ የተባለው አንጋፋ የቡጢ መጽሔት ይህን ውጤት የዓመቱ ትልቁ ያልተጠበቀ ድል አድርጎ መረጠው፤ ጆርጅ ፎርማን በ45 ዓመቱ ማይክል ሙረርን ዘርሮ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነውም በዚሁ ዓመት እንደነበር ልብ ይሏል።

ቡንጉን ጥበበኛ ያሰኘው ምን እንደሆነ ለመረዳት እግሩን ማየት ይቀድማል። «አውሬው» የሚለው የመድረክ ስሙ ለአስተዋዋቂ ይመች እንደሆነ እንጂ አሠራሩን አይገልጽም፤ ጓንቶቹን ከጉንጩ ሳያርቅ በአጫጭር እርምጃ ርቀት እያጠበበ የሚገባ፣ ጃቡን (በፊተኛው እጅ የሚሰነዘረውን ቀጥተኛ ቡጢ) እንደ መለኪያ ዘንግ የሚጠቀምበት፣ ተጋጣሚው ሲስት ሁለት ሦስት ቡጢ አከታትሎ ወዲያው የሚሸሸግ ሠራተኛ ነበር። የክንዱ ኃይል መካከለኛ ስለነበር አብዛኞቹን ክብሮቹን ያስጠበቀው በ12 ዙር ነጥብ ነው። እንዲህ ያለው ቡጢ ጎበዝ በሆነ መጠን ለካሜራ የሚተርፈው ያነሰ ነው፤ የሰውየው ትልቁ ሥራ ሊያርፍበት የነበረው ምት አለማረፉ ነውና፣ ያልደረሰን ነገርም በዝግታ ደግሞ ማሳየት አይቻልም።

ተቺዎች የሚያነሡት ነገር ከንቱ አይደለም። ከ13ቱ ተገዳዳሪዎች መካከል ስማቸው እምብዛም የማይጠራ አሉ፣ አብዛኞቹ ግጥሚያዎች የተካሄዱት በአገሩ ሜዳ ነው፣ በዘመኑ የሌሎቹን ተቋማት ቀበቶ ከያዙት ሜክሲኮዎች ከማርኮ አንቶኒዮ ባሬራም ሆነ ከኤሪክ ሞራሌስ ጋር አልተገናኘም። ሆኖም በቀጥታ ያልተፈተነውን ነገር በተዘዋዋሪ የሚመዝን ሰንሰለት አለ። በ1996 መጀመሪያ ባሬራ ማኪኒን በ12ኛው ዙር አስቆመው፤ በዓመቱ መጨረሻ ባሬራ በጁኒየር ጆንስ ተሸነፈ፣ ጆንስም በቀጣዩ ሚያዝያ ድሉን ደገመው፤ በዚያው ሚያዝያ ቡንጉ ከማኪኒ ጋር ዳግም ገጥሞ ዳኞች በተከፋፈሉበት ውጤት አሸነፈ፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ይኸው በቡንጉ ሁለት ጊዜ የተረታው ማኪኒ ኒውዮርክ ውስጥ ጆንስን በአራተኛው ዙር አሸንፎ የሌላ ተቋም ሻምፒዮን ሆነ። ቡጢ የሂሳብ ቀመር አለመሆኑ ቢታወቅም፣ ማኪኒ ከጨዋታ ውጪ የሆነ ሽማግሌ ነበር የሚለውን ክርክር ይህ ውጤት ያፈርሰዋል። በ1998 አትላንቲክ ሲቲ ድረስ ሄዶ በሁለት ሚዛኖች ሻምፒዮን የነበረውን ዳኒ ሮሜሮን በነጥብ መርታቱም በሰው ሜዳ አይችልም ለሚሉት በቂ መልስ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መጋቢት 2000 መጣ። ቡንጉ ቀበቶውን ለቆ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ሳይጋጠም ቆይቶ፣ አንድ ሚዛን ከፍ ብሎ በፌዘር ሚዛን ናሲም ሃመድን ሊገጥም ለንደን ኦሊምፒያ አዳራሽ ገባ። ሃመድ በበራሪ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ በአዳራሹ አየር ሲንሳፈፍ፣ 13 ጊዜ ክብሩን ያስጠበቀው ሰው ጓንቱን አስሮ የሌላውን ትርኢት ማብቂያ ይጠብቅ ነበር። በአራተኛው ዙር የሃመድ ግራ እጅ አገኘው፣ ዳኛውም እስከ አሥር ቆጠረ። በትልቅ የቴሌቪዥን መድረክ ለብዙው ዓለም የቀረበው ያ ምሽት ስለነበር፣ ምንጣፉና ቆጠራው ከ13ቱ ድሎች ይልቅ ጸንተው ቀሩ፤ ከሚዛኑ በላይ፣ ከጊዜው ዘግይቶ፣ ከዘመኑ ብርቱ መቺዎች አንዱን ገጥሞ መሸነፉ ግን ስለ አምስቱ ዓመታት የሚመሰክረው ጥቂት ነው።

ቡንጉ የለቀቀውን የአይ.ቢ.ኤፍ. ቀበቶ በ1999 የወሰደው ሌላው የአገሩ ልጅ፣ የሶዌቶው ሌህሎሆኖሎ ሌድዋባ ነበር፤ እርሱም አምስት ጊዜ አስጠበቀው። ሰኔ 2001 ላስ ቬጋስ ውስጥ የሌድዋባ ተገዳዳሪ ከግጥሚያው ሲቀር በሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ የተተካው በአሜሪካ እምብዛም የማይታወቅ ፊሊፒናዊ በስድስተኛው ዙር አሸንፎ ቀበቶውን ይዞት ሄደ። ማኒ ፓኪያዎ በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያውን የዓለም ክብር ያገኘበት ያ ቀበቶ፣ ቡንጉ ሃማንስክራል ላይ ከማኪኒ ወገብ ካስፈታው ጊዜ ጀምሮ ለሰባት ዓመት ያህል ከደቡብ አፍሪካውያን እጅ ሳይወጣ የኖረ ነበር።